ታይት ኤንዴን ልጣለው ወይስ ልታገሠው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፋንታሲ ፉትቦል (እውነተኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾችን መርጦ በሜዳ ሥራቸው ነጥብ መሰብሰብ) ገባሁ። ሊጋችን 12 ሰው አለው፤ አቆጣጠሩ ሙሉ ፒፒአር ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ የተያዘ ኳስ 1 ነጥብ አለው። ታይት ኤንዴን በድራፍቱ፣ ተጫዋች በየተራ ስንመርጥ፣ በአምስተኛው ዙር መረጥኩት። በሁለት ሳምንት በድምሩ 5 ኳስ ይዞ 47 ያርድ ብቻ አመጣ። ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ጎል መስመር ማሳለፍ፣ የለውም። ዌቨር ላይ (ማንም ያልያዛቸው ተጫዋቾች ዝርዝር) ደግሞ ባለፈው እሑድ ብቻ 2 ተችዳውን ያስቆጠረ ሌላ ታይት ኤንድ አለ። ባልደረቦቼ ‹ምን ትጠብቃለህ፣ ጣለውና ያንን አንሳ› ይሉኛል። ከዌቨር ተጫዋች ለማንሳት ከተመደበልኝ 100 ዶላር እስካሁን ምንም አላወጣሁም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድምና ወደ ምክንያቱ እሄዳለሁ። በዚህ ሳምንት ነጥቡን ብቻ አይተህ አትጣለው። ያንን ባለ 2 ተችዳውንም ተችዳውኑን ብቻ አይተህ ገንዘብ አውጥተህ አታንሳው። ይህን ስልህ ግን «ትዕግሥት ይኑርህ» ብቻ ማለቴ አይደለም። ታይት ኤንድን በሁለት ሳምንት መጣል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ መድረሱን የሚነግርህ ግን ነጥቡ አይደለም።

የሁለቱን ተጫዋቾች ስም አልጻፍክልኝም። ለዚህ ጥያቄ እንዲያውም ይሻላል። ስም ሲጠራ ሁላችንም የምናየው የአምናውን ሰውዬ ነው። አሁን የሚያስፈልገን የዘንድሮ ሥራውን ማየት ነው።

አዲስ ስለሆንክ መጀመሪያ ቦታው ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ልንገርህ። የዋይድ ሪሲቨር ሥራ ቀላል ባይሆንም ግልጽ ነው። ይሮጣል፣ ኳስ ይቀበላል። ታይት ኤንድ ግን ሁለት ጌታ ያለው ሠራተኛ ነው። አንዱ ጌታ «መስመሩ ጫፍ ቁም፣ ተከላካዩን ግፋ፣ ለሯጩ መንገድ ክፈት፣ ኳሱን የሚወረውረውን ኳርተርባክም ጠብቅ» ይለዋል። ሌላው ጌታ «ሩጥና ኳስ ተቀበል» ይለዋል። አሠልጣኙ ለሁለቱም ሥራ ያመሰግነዋል። ፋንታሲ የሚከፍለው ግን ለሁለተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ታይት ኤንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሜዳ ላይ ውሎ፣ ቡድኑም በእሱ ትከሻ አሸንፎ፣ ለአንተ 3 ነጥብ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። በአንተ ሊግ አንድ የተያዘ ኳስ 1 ነጥብ ነው፣ 10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ተችዳውን 6 ነጥብ። አንዱ ተጫዋች 5 ኳስ ይዞ 50 ያርድ ቢሄድ 10 ነጥብ አለው። ሌላው 2 ኳስ ይዞ 20 ያርድ ሄዶ አንዷን ተችዳውን ቢያደርጋት እሱም 10 ነጥብ አለው። ስልክህ ላይ እኩል ናቸው። ለሚቀጥለው እሑድ ግን እኩል አይደሉም። 5 ኳስ ለመያዝ ኳርተርባኩ ደጋግሞ ተጫዋቹን መፈለግ አለበት፤ ያ ልማድ ነው። ተችዳውኑ ግን ጎል መስመር አጠገብ የተጠራች አንዲት ጥሪ ነች። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ሲደርሱ ኳሱን ለሯጩ ይሰጡታል፣ አለቀ።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ የምትጫወት ከሆነ ይህን ታውቀዋለህ። በኮርነር ጎል ያገባ ተከላካይ በማግስቱ ሁሉም ቡድን ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛዋን ጎል ግን ሲጠብቁ ወራት ያልፋል።

ኦ ጄ ሃዋርድን ተመልከት። በ2022 የመጀመሪያ ሳምንት ለሂውስተን ቴክሳንስ 2 ኳስ ያዘ። ሁለቱም ተችዳውን ሆኑ። ከ38 ያርዱ ጋር 17.8 ነጥብ ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ተችዳውን ነበረው? 2። ከዚያች ቀን በኋላ አንድም አልጨመረም። ያንተ ባለ 2 ተችዳውን እንደዚህ ይሆናል ብዬ አልፈርድበትም። ግን ያ እሑድ ብቻውን ስለሚመጣው እሑድ የሚነግርህ በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ራስህ ሰው እንምጣ። 5 ኳስ፣ 47 ያርድ። በ2024 ትራቪስ ኬልሲ ለካንሳስ ሲቲ እንዴት እንደጀመረ ታስታውስ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኳስ፣ በሁለተኛው 1 ኳስ ለ5 ያርድ፣ በሦስተኛው 4 ኳስ። በሦስት ሳምንት 69 ያርድ፣ ተችዳውን ዜሮ። ዕድሜው 35 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። «አበቃለት» ያለው ሰው ብዙ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ራሺ ራይስ ጉልበቱን ተጎዳ። ራይስ ደግሞ ኬልሲ የሚሮጥበትን የመሀል ሜዳ ኳስ ሲወስድ የነበረው ልጅ ነው። ያን ቀን ኬልሲ 7 ኳስ ያዘ፣ በማግስቱ ሳምንት 9። ዓመቱን የጨረሰው በ97 ኳስና 823 ያርድ ነው። ተችዳውኑ 3 ብቻ ነበርና እንደ ድሮው ኬልሲ አልሆነም። ነገር ግን በሙሉ ፒፒአር 97 ኳስ የያዘን ታይት ኤንድ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጣለ ሰው እስከ ታኅሣሥ ሲቆጭ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የባልቲሞሩ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በዚያው 2024 የሊጉ መክፈቻ ጨዋታ መስከረም ላይ ሐሙስ ማታ በካንሳስ ሲቲ ነበር። የባልቲሞር ሬቨንስ ሁለተኛ ታይት ኤንድ የነበረው አይዛያ ላይክሊ 9 ኳስ ይዞ 111 ያርድ ሄደ፣ 1 ተችዳውንም አስቆጠረ። በመጨረሻዋ ሰከንድ የያዛት ኳስ ደግሞ የጫማው ጫፍ መስመር ስለነካ ብቻ ነው ተችዳውን ያልሆነችው። 26.1 ነጥብ። ዋናው ታይት ኤንድ ማርክ አንድሪውስ በዚያ ምሽት 2 ኳስ፣ 14 ያርድ። አንድሪውስን ድራፍት ላይ ቀድመው የወሰዱ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው ይገባሃል። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ባሰ። በሦስተኛው ሳምንት ዜሮ ኳስ። በአራተኛውም ዜሮ ኳስ።

ዓመቱ ሲያልቅ ላይክሊ 42 ኳስና 477 ያርድ ነበረው። ከዓመቱ ኳሱ ከአምስት አንዱን የያዘው በዚያች አንዲት ምሽት ነው። አንድሪውስ ደግሞ በ11 ተችዳውን ጨረሰ። አስራ አንዱም የመጡት ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ ልንገርህ፤ ታሪኩን ለክርክሬ እንዲመች ቆርጬ አላቀርበውም። በእነዚያ ሁለት ባዶ ሳምንታት አንድሪውስ ሜዳ ላይ የቆየበት ጊዜም ቀንሶ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ጣለው» ቢል አልፈርድበትም። ቁጥሩ ግን ለምን እንደወረደ መጠየቅ ነበረበት። ሬቨንስ በሁለቱም ጨዋታ ሲመራ ነው የዋለው። ሯጩ ዴሪክ ሄንሪ በዳላስ ላይ 151 ያርድ፣ በበፋሎ ላይ 199 ያርድ ሮጠ። በበፋሎው ጨዋታ ገና በመጀመሪያዋ ጥሪ 87 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አስቆጠረ። እንደዚህ እየሮጥክ ኳስ ለምን ትወረውራለህ? አንድሪውስ በነሐሴ የመኪና አደጋም ደርሶበት ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ኳርተርባኩ ላማር ጃክሰን ጎል መስመር አካባቢ ለዓመታት የሚያምነው ሰው እሱ ነው፤ በ2021 107 ኳስ ይዟል። ምክንያቱ የሚያልፍ ነበር። አለፈም።

«ታዲያ ምን ልይ?» ትለኝ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያየው ስናፕ ነው፤ ማለትም ስንት ጥሪ ላይ ሜዳ ውስጥ እንደነበረ። ለሌላ ቦታ ጥሩ ነው። ለታይት ኤንድ ግን ያታልላል፤ ከላይ እንዳልኩህ ግማሹን ጊዜ ሰው ሲገፋ ሊውል ይችላል። እኔ የማየው ሩት ነው። ኳርተርባኩ ሊወረውር ካፈገፈገባቸው ጊዜዎች ውስጥ ያንተ ሰው ኳስ ለመቀበል የሮጠው ስንቱ ላይ ነው? ከ100 ውስጥ 80 ከሆነ ልቤ ያርፋል። 70 አካባቢ ከሆነ እይዘዋለሁ። ከ60 ከወረደ ስሙ ማንም ይሁን ማን መፍትሔ መፈለግ እጀምራለሁ። ይህ የእኔ መስፈሪያ ነው። አንተ በራስህ ልታጠብቀው ወይም ልታላላው ትችላለህ።

ቀጥሎ ታርጌት፣ ማለትም ስንት ጊዜ እንደተወረወረለት። ይህን አልጻፍክልኝም፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ዋናው ቁጥር ነው። 5 ኳስ የያዘው ከ6 ውርወራ ነው ወይስ ከ13? ከ13 ከሆነ ኳርተርባኩ እየፈለገው ነው፤ ውርወራው ስቷል፣ ወይም ከእጁ አምልጧል፣ ይስተካከላል። ከ6 ከሆነ ሜዳ ላይ አለ ግን አይታይም። በሳምንት 6 ወይም 7 ታርጌት የሚያገኝ ታይት ኤንድ ካለህ ከብዙዎቹ ባልደረቦችህ ትሻላለህ።

በሁለት ሳምንት ነጥብን አትመን እያልኩ፣ በሁለት ሳምንት ሩትና ታርጌትን ለምን አምናለሁ? ብዛቱ ነው። በሁለት ጨዋታ ውስጥ 60 ወይም 70 ያህል ጊዜ ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲያፈገፍግ ታያለህ። በእነዚህ ሁሉ ላይ አሠልጣኙ ያንን ሰው እንዲሮጥ ወይም እንዲቆም ወስኗል። ነሐሴን ሙሉ ያወጣው ዕቅድ ነው እየታየህ ያለው። ተችዳውን ግን በሁለት ጨዋታ አንድ ናት ወይም ሁለት። በአንድ ዘለላ ወይን ማሳውን መፍረድ ይሆናል።

ይህ ነገር ወደ ላይም ይሠራል፤ እኔ በጣም የምወደው እንዲያውም እሱን ነው። ሳም ላፖርታ በ2023 ለዲትሮይት ሲጀምር በመጀመሪያው ሳምንት 5 ኳስ ለ39 ያርድ፣ በሁለተኛው 5 ኳስ ለ63 ያርድ ነበረው። ተችዳውን የለም። ማንንም የሚያስጮህ ቁጥር አይደለም። ግን አንድ አዲስ ልጅ፣ ያውም ታይት ኤንድ፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን 5 እና 5 ከተሰጠው ቡድኑ አምኖታል ማለት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ 8 ኳስ፣ 84 ያርድና የመጀመሪያው ተችዳውን መጣ። ዓመቱን በ86 ኳስና በ10 ተችዳውን ጨረሰ። ላፖርታን ለማንሳት ሁለተኛው ሳምንት ማግስት ርካሽ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ብርቅ ሆነ።

ብሮክ ባወርስም በ2024 ለሬደርስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች 15 ኳስ ሲይዝ ተችዳውን አልነበረውም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ወደ 3 እና 2 ኳስ ወረደ። በዚያን ጊዜ ተደናግጦ በርካሽ የለወጠ ሰው ምን እንደሰጠ ያወቀው በኋላ ነው። ባወርስ በ112 ኳስ ጨረሰ። በሊጉ ታሪክ ማንም አዲስ ገቢ፣ በየትኛውም ቦታ የሚጫወት ቢሆን፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ያህል አልያዘም ነበር። በያርድ ደግሞ ማይክ ዲትካ በ1961 ያስመዘገበውን የአዲስ ታይት ኤንድ ክብረ ወሰን ሰበረ።

ትሬ ማክብራይድን ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ሊግህ ሙሉ ፒፒአር ነው። በ2024 ለአሪዞና 111 ኳስ ይዞ 1,146 ያርድ ሄደ። ከውርወራ የተቀበለው ተችዳውን ግን 2 ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውም የመጣው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ተችዳውኑን እርሳውና ኳሱንና ያርዱን ብቻ ደምር፤ 225.6 ነጥብ ነው። በተጫወተባቸው 16 ጨዋታዎች ስታካፍለው በሳምንት 14 ነጥብ። በአንተ ሊግ ተችዳውን የሌለው ታይት ኤንድ ሊያበላህ ይችላል። ለተያዘ ኳስ ነጥብ የማይሰጥ ሊግ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለወጥ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። የታይት ኤንድህን የሁለት ሳምንት ሩትና ታርጌት ፈልግ። በነጻ የሚያወጡ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ሩቱ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያዘው፤ እሑድም አሰልፈው። ታርጌቱ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ለምን ብለህ ጨዋታዎቹን ተመልከት። ቡድኑ እየመራ ሲሮጥ ነው የዋለው? ኳርተርባኩ ተጎድቷል? ከመስመሩ አንዱ ተጎድቶ ታይት ኤንዱ እንዲያግዝ ተደርጓል? እነዚህ የሚያልፉ ናቸው። ግን ሩቱ 50 አካባቢ ሆኖ ሌላ ታይት ኤንድ ከጎኑ እኩል እየሮጠ ከሆነ፣ ያ የሥራ ድርሻ ለውጥ ነው። ያኔ አምስተኛ ዙር መረጥኩት ብለህ አትሟገት። የድራፍቱ ዋጋ ወጥቶ አልቋል። ተመልሶ አይመጣም።

ባለ 2 ተችዳውኑንም በዚሁ ሚዛን ስፈረው። ሩቱ 75 ሆኖ ተችዳውኑ የተጨመረበት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ 10 ወይም 12 ዶላር አውጣበት፣ ግን የምታስወጣለት የአግዳሚ ወንበር ተጫዋች ይሁን እንጂ ታይት ኤንድህ አይሁን። ሩቱ 40 ከሆነ 1 ዶላርም አታባክን። በዚህ ጊዜ 100 ዶላር ሙሉ መያዝህ ትልቅ ሀብት ነው። በጥቅምት አንድ ዋና ሯጭ ተጎድቶ ተተኪው ዌቨር ላይ ሲወጣ ትፈልገዋለህ።

ዌቨር ላይ ስታይ ከነጥብ ይልቅ ዝምድና ፈልግ። እዚሁ እኛ አካባቢ ያለውን ምሳሌ ልስጥህ። በ2024 ዋሽንግተን ዛክ ኤርትዝን ሲያስፈርም 33 ዓመቱ ነበር፤ ብዙ ሰው ድራፍት ላይ ዘለለው። ነገር ግን አጥቂውን የሚመራው ክሊፍ ኪንግስበሪ ነበር፤ አሪዞና ላይ ኤርትዝን ያሠለጠነ ሰው። ኳርተርባኩ ጄደን ዳንየልስ ደግሞ አዲስ ነበር። አዲስ ኳርተርባክ ሲጨንቀው ቅርብ ያለውን፣ ቦታውን የማይስተውን ሰው ይፈልጋል። ኤርትዝ 66 ኳስ ያዘ፣ 7 ተችዳውን አስቆጠረ። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደሠራ ማስታወስ ይበቃ ነበር።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። አሁን ስልክህ ላይ ከተጋጣሚው ስም ጎን በአረንጓዴና በቀይ የሚወጣውን ደረጃ፣ «ይህ ቡድን ለታይት ኤንድ ብዙ ነጥብ ይሰጣል» የሚለውን፣ በመስከረም አትመነው። ሁለት ጨዋታ ነው የተጫወተው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የገጠመው እንደ ኬልሲና እንደ ጆርጅ ኪትል ያሉ ታላላቅ ታይት ኤንዶችን ከሆነ የማንም መከላከያ ደካማ ይመስላል። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ትንሽ ትርጉም ይኖረዋል።

ስለ እሑድ ደግሞ ሁለት ነገር። የማይጫወቱ ሰዎች ዝርዝር የሚወጣው ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በእኛ ሰዓት የ1፡00 ፒኤም ጨዋታዎች ዝርዝር 11፡30 ኤኤም ላይ ይወጣል ማለት ነው። ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት ገና ከቅዳሴ እየወጣን ነው፣ ስልክም ዝግ ነው። ስለዚህ ዓርብ የሚወጣውን የጉዳት ሪፖርት አንብብ። ታይት ኤንድህ «አጠራጣሪ» ተብሎ ከተጻፈ ቅዳሜ ማታ ምትክ ይዘህ ተኛ። ጉዳት ሳይታሰብ ይመጣል። በ2023 ኬልሲ ሊጉ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ማክሰኞ ልምምድ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ሐሙስ አልተጫወተም። ካንሳስ ሲቲም በዲትሮይት 21 ለ20 ተሸነፈ።

ሁለተኛው፣ አንዳንድ ሳምንት ሁለት ታይት ኤንድ ማሰለፍ ካሰብክ ሐሙስ የሚጫወተውን በታይት ኤንድ ቦታ አስገባው። ፍሌክሱን፣ ማለትም ሯጭም ሪሲቨርም ታይት ኤንድም የሚገባበትን ቦታ፣ እሑድ ወይም ሰኞ ለሚጫወተው ተው። እሑድ ጠዋት አንድ ሰው ከቀረብህ በሯጭም በሪሲቨርም መተካት ትችላለህ። ጀማሪ ሰው ይህን ስለማያውቅ ብቻ ባዶ ቦታ ይዞ ሲያዝን አይቻለሁ።

ባልደረቦችህ «ጣለው» ሲሉህ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ከእነሱ ውስጥ ታይት ኤንድ የሌለው ማን ነው? ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ማታ ካለቀ በኋላ የሦስቱን ሳምንት ሩትና ታርጌት ጽፈህ ላክልኝ፤ ያኔ ስማቸውንም ጨምርበት። ሩቱ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ወደ ታች ከሄደ፣ ረቡዕ ዌቨሩ ከመከፈቱ በፊት ማንን እንደምታነሳ አብረን እንመርጣለን።